የብቸናና የሞጣ ዘፈን በቴሌቪዥን መድረክ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በግራው የጮቄን ተራራ፣ በቀኙ የዓባይን በረሃ ይዞ ይጓዛል። በዚህ መካከል የተዘረጋው የምሥራቅ ጎጃም ምድር የጤፍ አገር ነው፤ የቅኔም አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ያፈሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ከገዳማቱና ከአድባራቱ ቅጥር ውጪ ደግሞ መምህሩ የማይታወቅ፣ መዝገብም የሌለው ሌላ ትምህርት ቤት አለ። እርሱም የሰርጉ ዳስ፣ የእህሉ አውድማ፣ የጥምቀቱ ሜዳና የደቦው ማሳ ነው። የብቸናና የሞጣ ልጅ ዘፈንን የሚማረው በዚህ ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት ዘፋኝና አድማጭ ተለያይተው አይቀመጡም። አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፤ ክበቡ በእጅ ጭብጨባና በከበሮ ይቀበለዋል። አውራጁ ትንፋሽ ሲያጥረው ከተቀባዮቹ አንዱ ግጥሙን ነጥቆ ይቀጥላል፤ ትናንት ተቀባይ የነበረ ዛሬ አውራጅ ይሆናል። አዝማሪ በተገኘበት ዳስ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከታዳሚው መካከል የሚናገረው ያለው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል፤ ወዲያው ያሰበውን ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ስንኙን ከአየር ላይ ቀልቦ በመሰንቆው ቃና ላይ ያስቀምጠዋል። ስንኙ ሙሽራይቱን የሚያወድስ፣ ቆጥቋጣ ባለጸጋን የሚነካ፣ የሞተ ጓደኛን የሚያስታውስ ወይም ያለፈ ቂምን በሰም ለብጦ በወርቅ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል። ስንኙን የሰጠው ሰው መልእክቱን አድርሷል፤ የሚመለከተውም ሰው ሰምቷል። ዘፈኑ በዚያች ሌሊት፣ በዚያ ዳስ፣ በእነዚያ ሰዎች መካከል ተወልዶ ያድራል።

ግጥሙ የሚሠራበት ሕግ ግን ልቅ አይደለም። በብዛት የሚሰማው የወል ቤት የሚባለው ስልት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ዐሥራ ሁለት ቀለም ይዞ ከመካከሉ ስድስት በስድስት ይከፈላል፤ ሁለቱ ስንኞች በአንድ ቤት ይመታሉ። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ገበሬ ይህን ልክ በጆሮው ያውቀዋል፤ አንድ ቀለም ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ወዲያው ይቆረቁረዋል። እንዲህ ያለው ጆሮ የአገሩ ሀብት ነው። ይህን ሀብት ይዞ ወደ ከተማ የሚወርድ ወጣት ባዶ እጁን አልሄደም ማለት ነው።

የብቸናና የሞጣ ሕዝብ ዘፈንን ለጭፈራ ብቻ አላዋለውም። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛው ቀረርቶውንና ፉከራውን እንደ ትጥቅ ይዞ ዘመተ። የብቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ፣ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር፣ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ከተቀጣ በኋላ ስሙ ከሕዝቡ አፍ ያልጠፋው በአብዛኛው በግጥም ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የሞጣና የብቸና አውራጃ ገበሬዎች ማመፃቸውም በታሪክ የተመዘገበ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ዘፈን የሰው አቋም የሚገለጥበት፣ ቃሉም የሚመዘንበት አደባባይ ነው። ስለዚህም የዚህ አገር ዘፈን ወደ ሌላ መድረክ ሲሻገር ከዜማው ጋር ይህ አደባባይ አብሮ መሻገሩ ወይም በወንዙ ማዶ መቅረቱ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ዘፈኑ ከመንደሩ መውጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። አዝማሪው ራሱ ከጥንት ጀምሮ መንገደኛ ነበር። ሞጣ ከበጌምድር ጋር የምትገናኘው በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ በሚነገርለት በሰባራ ድልድይ በኩል ነው፤ ዜማም እንደ ገበያተኛ ወንዝ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ሬድዮ መጣ፤ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ተጨመረ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የኪነት ቡድኖች ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ሲደራጁ ብዙ የገጠር ድምፆች ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክና በድምፅ ማጉያ ፊት ቆሙ። የካሴቱ ዘመን ሲከተል እንደ ይሁኔ በላይና እንደ ሰማኸኝ በለው ያሉ ድምፃውያን የጎጃምን ዜማ በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ አሰሙት። ሰርጉን አዲስ አበባ የሚያደርግ ሰው ሳይቀር ጎጃምን በካሴት ወደ አዳራሹ አስገባ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «የኢትዮጵያ አይዶል» ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ይዞ መጣ። ቀጥሎ በ2000ዎቹ የሙዚቃ ባለሙያው አብርሃም ወልዴ የመሠረተው «ባላገሩ አይዶል»፣ ከዚያም የፋና ቴሌቪዥን «ፋና ላምሮት» ተከተሉ። የእነዚህ ውድድሮች ሥርዓት በብሪታንያና በአሜሪካ ከተጀመሩት የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድሮች የተወረሰ ነው፤ ወጣቶች ይመዘገባሉ፣ ይጣራሉ፣ በዳኞች ፊት ይዘፍናሉ፣ አስተያየት ይሰጣቸዋል፣ ተመልካቹም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ድምፁን ይሰጣል። ከእነዚህ መካከል «ባላገሩ» የሚለው ስም ልብ ሊባል ይገባዋል። ባላገር ማለት አገር ያለው፣ የአገሩም ባለቤት ማለት ነው። ከተሜ አፍ ግን ቃሉን ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ሲጠቀምበት ቆይቷል። ይህን ቃል በትልቅ ፊደል ጽፎ በመድረክ ላይ መስቀል ክብርን የመመለስ ያህል ነበር። ስሙ ክብር ከሰጠው ዘንድ፣ ባላገሩ በዚያ መድረክ ላይ ምን ይዞ ይቆማል? ምንስ እንዲጥል ይጠየቃል?

ከሞጣ የተነሣ አንድ ወጣት ይታሰብ። በጥር ሰርግ ላይ አውራጅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይደክመው ያወርዳል። ጓደኞቹ «አንተማ ቴሌቪዥን ላይ መውጣት ነው የሚገባህ» ይሉታል። እናቱ የመንገድ ስንቅ ትቋጥርለታለች። በአውቶቡስ ብቸናን አልፎ፣ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ወጥቶ፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ተራውን ጠብቆ ዳኞች ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማንን ዘፈን ነው የምትዘፍነው?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለጠያቂው ቀላል ነው፤ ለባላገሩ ልጅ ግን እጅግ ከባድ ነው። የማን ዘፈን? እርሱ የሚያውቀው ዘፈን የማንም አይደለም፤ ወይም የሁሉም ነው። አያቱ በአውድማ ላይ በሬ እየነዱ ያንጎራጎሩት፣ አክስቱ በሙሽራ መሸኛ ላይ ያወረደችው፣ እርሱም ባለፈው ጥር የጨመረበት ነው። መልስ መስጠት ግን ግድ ስለሚሆንበት ያንኑ ዜማ በካሴት ያወጣውን የታወቀ ድምፃዊ ስም ይጠራል። እዚህ ላይ ስውር የሆነ የባለቤትነት ዝውውር ይፈጸማል። ከሕዝቡ ወደ ካሴቱ የሄደው ዜማ አሁን ከካሴቱ ተበድሮ ወደ ሕዝቡ ልጅ ይመለሳል። ልጁ የአያቱን ዜማ እንደ ሰው ገንዘብ ይዘፍናል፤ ከባለ ካሴቱም አዘፋፈን በራቀ ቁጥር እንደ ስሕተት ይቆጠርበታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲንና የድምፃዊን መብት በሕግ ማስከበሩ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ስም የሌለው የሕዝብ ሥነ ቃል በመድረክ ላይ በስሙ ይጠራ ዘንድ ሕግ ብቻውን አይበቃውም፤ ልማድም ሊከተለው ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና ጊዜው ነው። የሰርግ ዘፈን ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ከበሮው ይሞቃል፣ ትከሻው ይላላል፣ ክበቡ ይጠባል፤ ግጥሙም ከሰላምታ ወደ ውዳሴ፣ ከውዳሴ ወደ ነገር ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የበለጠው ስንኝ የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በቴሌቪዥን ግን የተወዳዳሪው ድርሻ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከመጀመሪያዋ ቃል አንሥቶ ድምፁ ከጣሪያ በላይ መውጣት ይኖርበታል። ስለዚህም ተወዳዳሪው የሌሊቱን ጉዞ ትቶ የሌሊቱን ጫፍ ብቻ ያቀርባል። ጫፉ ያምራል፤ ሥሩን ያላየ ተመልካች ግን የጎጃም ዘፈን ጩኸትና ትከሻ ብቻ ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛው የባንዱ ጉዳይ ነው። ኪቦርዱ፣ ቤዝ ጊታሩና ድራሙ ድምፃቸውን በተወሰነ ልክ ያጸናሉ፤ መሰንቆና የሰው ድምፅ ግን በቅኝቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይሄዳሉ። የባላገሩ ድምፅ ከትዝታና ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ በአንዱ ሲንሸራሸር በኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መካከል የምትውል ድምፅ አለች። ያቺ ድምፅ ለአገሩ ሰው ዋናዋ ጣዕም ናት፤ ለባንዱ ግን ከቃና የወጣች መስላ ልትታይ ትችላለች። በእነዚህ ውድድሮች ከዳኞች አፍ ወጥታ የመንገድ ቀልድ እስከ መሆን የደረሰች አንዲት ቃል አለች፤ «አልመጣህም» የምትል። ለከተማው ልጅ ይህች ቃል ዘፈኑን አልደረስህበትም ማለት ናት። በረሃ አቋርጦ ለመጣው የሞጣ ልጅ ግን ሌላ ትርጉም ሳትይዝ አትቀርም። እርሱ መጥቷል፤ ያልመጣው ምናልባት የባንዱ ቅኝት ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች የባላገር ዘፈናቸውን ከመንደር አውጥተው ወደ አገር አደባባይ ያመጡት በሬድዮ ነበር፤ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የተባለው የናሽቪል ከተማ ዝግጅት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 ደግሞ «ናሽቪል ስታር» የተባለ የባላገር ዘፈን ውድድር በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በዚያ መድረክ የደቡብ ሮክ ይዘው የቀረቡ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። የደቡብ ሮክ እ.ኤ.አ. በ1969 እንደተመሠረተው እንደ ኦልማን ብራዘርስ፣ ቀጥሎም እንደ ሊነርድ ስኪነርድ ባሉ ባንዶች የታወቀ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮህ፣ ሆኖም ከዚያው ከደቡቡ አፈር፣ ከጥቁሮች ብሉዝና ከባላገሩ ዘፈን የበቀለ ነው። እንዲህ ያለ ዘፈን በባላገር ውድድር ላይ ሲቀርብ «ይህ የባላገር ዘፈን ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀሬ ነው። ክርክሩን የሚያባብሰው የጊታሩ ጩኸት ይመስላል፤ መሠረቱ ግን የአገር ጥያቄ ነው። አንድ ወጣት ያደገበትን ድምፅ ይዞ ሲቀርብ፣ ያ ድምፅ በመድረኩ ስም ውስጥ ስፍራ አለው ወይ? የብቸናው ልጅና የደቡብ አሜሪካው ልጅ ባይተዋወቁም የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት ተገቢ አይሆንም። ዘፈን በመስተዋት ሣጥን ተቆልፎ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም። አዝማሪው ራሱ በመኳንንት ግብዣ አንድ ዐይነት፣ በጠላ ቤት ሌላ ዐይነት ሲዘፍን ኖሯል፤ እንደ ታዳሚው መለወጥ ሙያው ነው። ባንድ መጨመሩ ብቻውን ዜማን አይገድልም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ ሲተርከው፣ ዲማን ከመቼቶቹ አንዷ ያደረገው ያ ታሪክ ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ተነሥቶ በየቤቱ ገባ። ማሽኑ የጎጃምን አነጋገር አላጠፋውም፤ እንዲያውም ያልሰማው እንዲሰማው አደረገ። ምክንያቱም ተራኪው ቃሉን ለማሽኑ ብሎ አልቸኮለበትም፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን አፍ ሰጠው። ስለዚህ ወሳኙ ነገር በመሣሪያው ፊት የቆመው ሰው የራሱን አንደበት ይዞ እንዲቆም መፈቀዱ ነው።

ከዚህም ሌላ ውድድሩ ለወጣቱ የሚሰጠው ነገር ቀላል አይደለም። በገጠር «አዝማሪ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በንቀት ይነገር ነበር፤ ልጁ መሰንቆ ሲያነሣ የተቆጣ አባት ብዙ ነው። ያው አባት ልጁን በቴሌቪዥን ሲያየው ጎረቤቱን ጠርቶ «የእኔ ልጅ ነው» ይላል። መሰንቆው ከጓዳ ወደ ሳሎን ወጣ ማለት ነው። ሴት ልጅም እንደዚሁ፤ በሰርግ ላይ ስታወርድ ብትመሰገንም ዘፈንን ሙያ አድርጋ ለመያዝ የማትደፍር የነበረችው የብቸና ልጅ፣ በመድረኩ ላይ ሌላ ባላገር እኅቷን ስታይ መንገዱ እንዳለ ታውቃለች። ይህ ለውጥ በአንድ ዜማ መሸራረፍ የሚለወጥ ነገር አይደለም።

ሆኖም አንድ የማይተካ ነገር አለ፤ እርሱም «ተቀበል» ነው። በዳሱ ውስጥ አድማጩ ቃል ነበረው። በቴሌቪዥኑ ፊት ያለው አድማጭ ግን ያለው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የተወዳዳሪውን መለያ ልኮ ይመርጣል፤ ስንኝ ግን መወርወር አይችልም። ድምፅ መስጠትና ቃል መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድምፅ የሚቆጠር ሲሆን ቃል ግን የሚመለስ ነው። በሞጣ አንዲት ባልቴት የአገራቸውን ልጅ በቴሌቪዥን ሲያዩ ዐይናቸው እንባ ያቀርራል፤ የሚሉትም ስንኝ በአፋቸው ይመጣል፤ ነገር ግን «ተቀበል!» ቢሉ የሚቀበላቸው የለም። ሣጥኑ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ዘፋኙም በበኩሉ በዳሱ ውስጥ ያሳደገውን ስንኝ የመቀለብ ችሎታ የሚያሳይበት አጋጣሚ አያገኝም፤ ያጠናውን የካሴት ግጥም ቃል በቃል ይደግማል። ከጆሮው፣ ከአእምሮውና ከጉሮሮው መካከል የሚፈተነው ጉሮሮው ብቻ ይሆናል። ስድስት በስድስት የተከፈለውን ስንኝ በቅጽበት የሚሠራው አእምሮ ሳይጠየቅ ይሸኛል።

የዚህ ጉዳት በመድረኩ ላይ አያበቃም፤ ወደ መንደሩም ይመለሳል። የመንደሩ ሕፃን ዘፈንን ከዳሱ ይልቅ ከቴሌቪዥኑ መማር ሲጀምር፣ ዘፈን ማለት የሌላውን ሰው ግጥም በትክክል መድገም ነው ብሎ ያድጋል። ሰርጉም በድምፅ ማጉያና በኪቦርድ መካሄድ በጀመረበት በዚህ ዘመን አውራጅ የነበረው ጎልማሳ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዜማው ሳይጠፋ፣ ዜማውን ይወልድ የነበረው ልማድ ሊጠፋ ይችላል። ዛፉ ተቆርጦ ፍሬው በገበያ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንደሚታየው ያህል ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

መፍትሔው ውድድሩን መንቀፍና መተው አይደለም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ለባላገሩ ዘፈን ባላገሩ የሚያውቀው መመዘኛ ሊሰጠው ይገባል። ከውድድሩ ዙሮች አንዱ ለቅጽበት ግጥም ቢመደብ፣ ተወዳዳሪው በመሰንቆ ወይም በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ታጅቦ ከአዳራሹ ታዳሚ የሚወረወርለትን ስንኝ እየተቀበለ ቢዘፍን፣ የሚጠፋ ነገር የለም፤ የሚተርፈው ግን ብዙ ነው። ተመልካቹም በአጭር መልእክቱ ከመለያ ቁጥር ጋር ሁለት ስንኝ መላክ ቢፈቀድለት፣ በጣት የሚቆጠሩትም ተመርጠው በመድረኩ ላይ ቢዘፈኑ፣ ያ የጠፋው «ተቀበል» በአዲስ መሣሪያ ይመለሳል። ዳኞችም ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ባለሙያዎች ጎን የሥነ ቃል አዋቂና ዳስ ያሳደገው አዝማሪ ቢታከልባቸው ከቃና መውጣትንና የአገር ቃናን ለመለየት አይቸገሩም። የዘፈኑም ስም ሲጠራ ከባለ ካሴቱ ስም አስቀድሞ «የብቸና የሰርግ ዜማ» ወይም «የሞጣ የአውድማ እንጉርጉሮ» ቢባል፣ አያቶቹ ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ ባለ ካሴቱም ክብሩ አይጎድልበትም።

የባህል ቢሮዎችና የኪነት ተቋማት ድርሻም አለ። በባሕር ዳር የሚገኘው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ለክልሉ ዘፈንና ውዝዋዜ የሠራው የታወቀ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን አውራጆች ድምፅ ሳይቆራረጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ከነተቀባዮቻቸው ካልቀዳና ካላስቀመጠ፣ ወደ ፊት የሚነሣ ወጣት መነሻው የሁለት ደቂቃ ቅንጫቢ ብቻ ይሆናል። በዛሬው ጊዜ በእጅ ስልክ ሳይቀር ድምፅና ምስል መቅዳት ይቻላል፤ የሚጎድለው መሣሪያው ሳይሆን ዋጋውን ማወቁ ነው። በእነሴና በእነማይ ያሉ አረጋውያን አውራጆች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እያንዳንዳቸው ሲያልፉ የሚቀበረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ተወዳዳሪው ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ወደ አገሩ ይመለሳል። ጥር ሲመጣ ከዳስ ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ ያሉት ሰዎች የዳኞችን ነጥብ አይጠይቁትም። ከበሮው ሲመታ ዝም ብሎ የካሴቱን ግጥም ቢደግም ሳይነቅፉት በትዕግሥት ያጨበጭቡለታል። ከመካከላቸው አንዱ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ያለው እንደሆነ ግን እውነተኛው ማጣሪያ ያን ጊዜ ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት ስንኙን ቀልቦ ከመለሰ ባላገሩ ገና ባለ አገር ነው።